ወደ አንድ ወገን ያዘነበለች ከተማና ድምፅ ሰጪዎቿ

በሜሪላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት የተስተካከለ



የተሰጠኝ ርእስ በጠቅላላው የአሜሪካ ምርጫ የሚል ነበር፤ ነገር ግን ርእሱ ከአንድ ምሽት በላይ ስለሚሰፋ፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ ምርጫ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ቀንም ሌሊትም ሲናገር ስለሚውል፣ እኔ እዚሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ግድግዳ የምትዋሰነውን፣ ብዙዎቻችሁም በየዕለቱ የምታቋርጧትን ትንሽ ከተማ፣ ታኮማ ፓርክን፣ መርጬ ስለ እርሷ ልነግራችሁ አስቤአለሁ።

የንግግሬ ዓላማ ይህ ነው፦ የነዋሪዎቿ የፖለቲካ ዝንባሌ ለማንም ያልተሰወረ፣ እንዲያውም በጎረቤቶቿ ዘንድ መተረቻ እስከ መሆን የደረሰ ከተማ፣ የገዛ ከንቲባዋንና የምክር ቤት አባሎቿን እንድትመርጥ ስትጠራ፣ ከተመዘገቡት መራጮች አብዛኛዎቹ ከቤታቸው ሳይወጡ ይቀሩ የነበረበትን ምክንያት መመርመር። አስቀድሜ ከተማዋ ዝንባሌዋን ከየት እንዳገኘች እናገራለሁ፤ ቀጥዬ የድምፅ ሰጪው ማነስና መብዛት ምርጫው ከሚውልበት ቀን ጋር ያለውን ግንኙነት እተነትናለሁ፤ በመጨረሻም፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደውን ጉዳይ፣ ማለት አንድ ፓርቲ ብቻ በሚያሸንፍበት አካባቢ የነገሩ ቍርጥ የሚታወቀው መቼ እንደ ሆነ፣ አስረዳለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ታኮማ ፓርክን በ1883 የቈረቈራት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የተባለ የመሬት ነጋዴ ሲሆን፣ ሐሳቡም ከዋሽንግተን ሙቀትና ግፊያ ለሚሸሹ ሰዎች በባቡር ሐዲድ አጠገብ ጥላና ንጹሕ አየር ያለበት መንደር መሸጥ ነበር። በ1890 የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ሆነች። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ዋና መሥሪያ ቤቷን በዚያ ስላደረገችና እስከ 1989 ድረስ ስለ ቆየችበት፣ ከተማዋ ለብዙ ዘመን የምትታወቀው በጸጥታዋና በሃይማኖተኛነቷ እንጂ በፖለቲካ ክርክር አልነበረም። በ2020 የሕዝብ ቈጠራ የተቈጠሩት ነዋሪዎቿ 17,629 ብቻ ናቸው።

ይህችን ጸጥተኛ መንደር ወደ ሌላ ባሕርይ የለወጣት መጽሐፍ ወይም ሰባኪ ሳይሆን የመንገድ ፕላን ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ከሰሜን ወደ ዋሽንግተን መካከል የሚገባ ሰፊ አውራ ጎዳና፣ በታኮማ ፓርክና በዋና ከተማይቱ ሰሜን ምሥራቅ ሰፈሮች ያሉትን ቤቶች እያፈረሰ እንዲያልፍ ታቅዶ ነበር፤ የጥቁሩም የነጩም ቤት በአንድ መስመር ላይ ስለ ወደቀ፣ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የማያውቁ ጎረቤቶች አንድ ማኅበር ሆነው ተነሡ፤ ከመሪዎቻቸውም አንዱ ሳም አቦት የተባሉ፣ በሰላማዊ ሰልፍና በድፍረት ንግግር የታወቁ ሰው ነበሩ። መንገዱ ሳይሠራ ቀረ፤ በ1978 በዚያው አካባቢ የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ተከፈተ፤ አቦትም በ1980 የከተማዋ ከንቲባ ሆኑ። ከዚህ የተነሣ በከተማዋ ውስጥ፣ ተሰብስቦ የተቃወመ ሰው መንግሥትን ሊመልስ ይችላል የሚለው እምነት ሥር ሰደደ፤ በ1983 ምክር ቤቱ ከተማዋን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ የሆነች ናት ብሎ ሲያውጅና ማዘጋጃ ቤቱ ከመሣሪያው ሠሪዎች ዕቃ እንዳይገዛ ሲከለክል፣ ይህንኑ እምነት በሕግ መጻፉ ነበር። ጎረቤቶቿም በፌዝ «የታኮማ ፓርክ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ብለው ስም አወጡላት፤ እኛ ግን በእንዲህ ያለ ስም በምትጠራ አገር ውስጥ የኖርን ሰዎች ስለ ሆንን፣ ቀልዱ ለእኛ የሚጣፍጠው ለእነርሱ የሚጣፍጠውን ያህል አይደለም።

ከዚህ ዝንባሌ የተወለደና እኛን በቀጥታ የሚነካን አንድ ሥራ አለ፤ እርሱን ሰፋ አድርጌ ልናገር። ከ1990 የሕዝብ ቈጠራ በኋላ የከተማዋን የምርጫ ቀጠናዎች እንደገና ለማካለል የተሰየመው ኮሚቴ ካርታውንና መዝገቡን ጎን ለጎን አድርጎ ሲመለከት፣ በነዋሪ ቍጥር እኩል የተደረጉት ቀጠናዎች በመራጭ ቍጥር እጅግ የተበላለጡ ሆነው አገኛቸው። በአንዱ ቀጠና የቆዩ ግቢ ያላቸው ቤቶችና የመምረጥ መብት ያላቸው ዜጎች ነበሩ፤ በሌላው ግን ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች የሚከራዩአቸው አፓርታማዎች ስለ በዙ፣ ጥቂት ዜጎች የብዙ ጎረቤቶቻቸውን ወንበር ብቻቸውን ይመርጡ ነበር። የሜሪላንድ ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች በገዛ ምርጫቸው ማን ድምፅ እንደሚሰጥ ራሳቸው እንዲወስኑ ስለሚተው፣ ያን ጊዜ የሕግ መምህር የነበሩትና ኋላ የኮንግረስ አባል የሆኑት ጄሚ ራስኪን ከሌሎች ጋር ሆነው፣ ዜግነት የሌለው ነዋሪም በከተማው ምርጫ ይካፈል ብለው ተከራከሩ። በ1991 ለሕዝቡ አስተያየት ቀረበ፤ በ1992ም ሕግ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። በደግነቷና በሰፊ ልቧ የምትመጻደቀው ከተማ ይህን ሐሳብ ያሳለፈችው 100 በማይሞላ የድምፅ ብልጫ ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው አንድ ቀለም ብቻ ያላት መስሎት የሚገምታት ከተማ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡባት እኩል ለእኩል የተከፈለች ናት፤ የክፍፍሉም ምክንያት ዴሞክራትና ሪፐብሊካን መሆን ሳይሆን፣ የቤት ባለቤትና ተከራይ፣ ነባርና መጤ፣ ግብር ይቀነስ የሚልና አገልግሎት ይጨመር የሚል መሆን ነው። ስለዚህም የአንዲት ከተማ ዝንባሌ ይህ ነው ብለን በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ውጤት ስንፈርድ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻው፣ ስለ ኪራይ ቍጥጥሩ፣ ስለ ፖሊሱ ደመወዝ ነዋሪው የሚያስበውን ገና አላወቅንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንሻገር። ይህን ሁሉ የታገለችው ከተማ በ2013 የከተማ ምርጫዋን ስታደርግ ድምፅ የሰጡት ከተመዘገቡት መራጮች ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ነበሩ። ያው መራጭ በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ቀን በረጅም ሰልፍ የሚቆም ሰው ነው፤ በ2020 በመላው አሜሪካ ለመምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ድምፅ መስጠቱ ይታወቃል። ይህን ያዩ ብዙ ሰዎች ሕዝቡን በስንፍናና በቸልተኛነት ይወቅሱታል። እኔ ግን ወቀሳው መራጩን ከመንካቱ በፊት ቀኑን የወሰነውን ሥርዓት መንካት ይገባዋል ባይ ነኝ።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1845 የፕሬዚዳንቱ ምርጫ በኖቬምበር ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ በሚውለው ማክሰኞ እንዲሆን የወሰነው፣ እንደሚተረከው፣ ገበሬው እሑድን በቤተ ክርስቲያን አሳልፎ፣ ሰኞ ጕዞ ጀምሮ፣ ማክሰኞ መርጦ፣ ለረቡዕ ገበያው እንዲመለስ ታስቦ ነው፤ ማለት፣ ሕጉ ቀኑን ሲወስን የሕዝቡን ኑሮ ተመልክቶ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነሡት የከተማ አስተዳደር ለዋጮች ግን በኒው ዮርክ እንደ ታመኒ ሆል ያሉት የፓርቲ ማኅበራት ከተሞቹን በጉቦና በሹመት እንደ ርስት ይዘዋቸው ስላዩ፣ የከተማው ምርጫ ከአገሩ ምርጫ በቀንም በፓርቲ ስምም እንዲለይ አደረጉ። ሐሳባቸው መራጩ ስለ መብራትና ስለ ውሃ ሲያስብ በፕሬዚዳንቱ ጩኸት እንዳይታወክ ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ፤ ሳራ አንዚያ የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ በ2014 ባወጡት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ብቻውን በተለየ ቀን የሚደረግ ምርጫ ብዙኀኑን በቤት ያስቀራል፣ ከውሳኔው ቀጥተኛ ጥቅም ያላቸውን፣ የተደራጁትን፣ ለምሳሌ የመምህራንንና የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን ማኅበራት ግን አያስቀርም፤ ስለዚህም የጥቂቶቹ ክንድ ይበረታል።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ከታኮማ ፓርክ ወጥተን በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ፈርግሰን እንሂድ። ይህች ከተማ ያን ጊዜ 21,000 ያህል ነዋሪ የነበራት ስትሆን ከሦስት ነዋሪዋ ሁለቱ ጥቁር ነበር፤ ነገር ግን በኦገስት 2014 አንድ መሣሪያ ያልያዘ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት በፖሊስ ተገድሎ ዓለም ሁሉ ስሟን በሰማ ጊዜ፣ ከንቲባው ነጭ ነበሩ፣ ከስድስቱ የምክር ቤት አባላትም ጥቁሩ አንድ ብቻ ነበር። ብዙኀኑ እንዴት ከገዛ ምክር ቤታቸው ጠፉ? የፈርግሰን ከተማ ምርጫ የሚደረገው ስለ ፕሬዚዳንት ማንም በማያስብበት በኤፕሪል ወር ነው። ተመራማሪዎች እንደ ገመቱት፣ በ2012ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የከተማዋ ነጭና ጥቁር መራጮች በተመጣጣኝ መጠን ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከአምስት ወር በኋላ በኤፕሪል 2013 በተደረገው የከተማ ምርጫ ግን ጠቅላላው ድምፅ ሰጪ ከመቶ 12 ገደማ ሲሆን፣ ነጮቹ የወጡት ከጥቁሮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነበር። በአምስት ወር ውስጥ የፈርግሰን ሕዝብ ሐሳቡን አልለወጠም፤ የተለወጠው በምርጫው ጣቢያ የተገኘው ሰው ነው።

በዚያ ኤፕሪል የተመረጠው ምክር ቤት የከተማውን በጀት ያጸድቃል፤ በጀቱም፣ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በማርች 2015 ባወጣው ምርመራ እንደ ተጻፈ፣ ከትራፊክና ከጥቃቅን ጥፋቶች በሚሰበሰብ መቀጮ ላይ የተመካ ነበር፤ መቀጮውን እንዲያበዛ የሚታዘዘው ፖሊስ ደግሞ የሚያስቆመው በአብዛኛው በኤፕሪል ያልመረጠውን ሰው ነበር። የዚያ ወጣት መገደልና ከእርሱ በኋላ የተነሣው ቍጣ በ2015 ኤፕሪል መራጩን ወደ ከመቶ 30 ገደማ ከፍ አደረገው፤ ሁለት ጥቁር ተወዳዳሪዎች ተጨምረው የምክር ቤቱ ግማሽ ጥቁር ሆነ፤ ከሁለቱ አንዷ ኤላ ጆንስ በ2020 የከተማዋ ከንቲባ ሆኑ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ዓለም ሁሉ እያያት፣ ጋዜጠኛው በየደጃፏ ቆሞ እያለ እንኳ፣ ከዚያች ከተማ ከሦስት መራጭ ሁለቱ ከቤቱ አለመውጣቱን ሳንረሳ ማለፍ የለብንም፤ በኤፕሪል ወር የተደረገ ምርጫ ዕንባና ቍጣ እንኳ ሙሉ በሙሉ የማይሞላው ጎዶሎ አለው።

ጥቂት ሰው ብቻ ሲመርጥ የሚመጣው ጉዳት በካሊፎርኒያ ባለችው በቤል ከተማ በገንዘብ ተቈጥሮ ታይቷል። 36,000 ያህል ነዋሪ በነበራት በዚያች የሠራተኞች ከተማ በ2005 ማብቂያ ላይ በተደረገ ልዩ ምርጫ 400 የማይሞሉ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ከተማዋ የራሷ ቻርተር እንዲኖራት ወሰኑ፤ ይህም ውሳኔ የግዛቱ ሕግ በምክር ቤት አባላት ደመወዝ ላይ ያደረገውን ወሰን አስቀረ፤ በ2010 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ሲያጋልጥ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በዓመት 800,000 ዶላር የሚጠጋ ደመወዝ ይበላ ነበር። በ2011 ሕዝቡ ወጥቶ ምክር ቤቱን አነሣ፤ ሪዞም ኋላ ወኅኒ ወረደ።

ወደ ታኮማ ፓርክ ስንመለስ፣ ከተማዋ የመራጩን ማነስ ዝም ብላ አላየችውም። በ2013 ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ቀድማ የመምረጫውን ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ አደረገች፤ በዚያው ዓመት ምርጫም ከተመዘገቡት የ16ና የ17 ዓመት ልጆች ከመቶ ከ40 በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጡ ተብሎ በየቦታው ተጻፈ። ወሬው እውነት ነው፤ ነገር ግን ስሌቱ የተሠራው ራሳቸው ሄደው ከተመዘገቡት ልጆች ላይ ሲሆን፣ ድምፅ የሰጡትም በቍጥር 100 አይሞሉም። ይህን የምለው ልጆቹን ለማሳነስ አይደለም፤ ከእኛ ከአዋቂዎቹ አራት እጥፍ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው አንገት የሚያስደፋው እኛኑ ነው። ይሁን እንጂ ከተማዋን በእርግጥ የለወጣት የዕድሜው ነገር ሳይሆን ቀኑን መለወጧ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በ2017 የተመረጡት ሹሞች ሦስት ዓመት እንዲያገለግሉ ተደርጎ፣ ከ2020 ጀምሮ የከተማው ምርጫ ከፕሬዚዳንቱና ከገዥው ምርጫ ጋር በአንድ ኖቬምበር እንዲውል ሆነ፤ ድምፅ ሰጪውም ከቀድሞው በብዙ እጥፍ በዛ።

የቀን ለውጡን የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ ነቀፋቸውም መልስ የሚገባው ነው። በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ጩኸት ውስጥ የቀጠናው ተወካይ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀውን ሰው ይመርጣል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ነገሩን ጠንቅቀው በሚያውቁ ጥቂቶች የተመረጠ ምክር ቤትና በግማሽ ዕውቀት በብዙዎች የተመረጠ ምክር ቤት ቢቀርቡልኝ፣ ፈርግሰንን ካየሁ በኋላ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ያላወቀ መራጭ በሚቀጥለው ጊዜ ሊያውቅ ይችላል፣ ያልመረጠን ሰው ግን ሹሙ የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

እነሆ ወደ ሦስተኛው ክፍል ደረስን። ታኮማ ፓርክ የምትገኝባት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ስትሆን፣ በ2020 ለጆ ባይደን ከመቶ 78 በላይ ድምፅ ሰጥታለች፤ ከ1978 ወዲህም አንድም ሪፐብሊካን የካውንቲው አስተዳዳሪ ሆኖ አያውቅም። እንዲህ ባለ ቦታ በኖቬምበር የሚደረገው ምርጫ ለአብዛኛው ሹመት ቀድሞ ያለቀ ነገር ማጽደቂያ ነው። ነገሩ የሚቈረጠው ዴሞክራቶች እርስ በርሳቸው በሚወዳደሩበት፣ በክረምቱ መግቢያ በሚደረገው የፓርቲው ቅድመ ምርጫ፣ እናንተ ፕራይመሪ በምትሉት ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ሰው ስለ ዕረፍት የሚያስብበት ወቅት ነው።

ለዚህ ከታኮማ ፓርክ የወጣ ምስክር አለ። ማርክ ኤልሪች በዚህች ከተማ መምህር ሆነው ያገለገሉ፣ በምክር ቤቷም ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የተቀመጡ ሰው ናቸው። በ2018 የካውንቲው አስተዳዳሪ ለመሆን በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ሲወዳደሩ፣ ዴቪድ ብሌር የተባሉትን ነጋዴ ያሸነፉት፣ ድምፁ እንደገና ከተቈጠረ በኋላ፣ በ77 ድምፅ ነው። በ2022 እነዚያው ሁለት ሰዎች እንደገና ተገናኙ፤ እንደገናም ተቈጠረ፤ ኤልሪች በ32 ድምፅ አሸነፉ። ሁለቱም ጊዜ የኖቬምበሩ ምርጫ ያለ ጭንቀት አለፈላቸው። የቤት ግንባታውን፣ የኪራዩን ሕግ፣ የትምህርት ቤቱን በጀት፣ የንብረቱን ግብር የሚመራው ሰው የተለየው፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ወንበሮች ባነሰ ቍጥር ነው።

ይህ እኛን በምን ይነካናል የሚል ሰው ቢኖር መልሴ ይህ ነው። በሜሪላንድ ሕግ በፓርቲው ቅድመ ምርጫ የሚካፈለው በዚያ ፓርቲ ስም የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ ፓርቲ የለኝም ብሎ የተመዘገበ ዜጋ ከትምህርት ቦርዱ በቀር በዚያ ቀን የሚመርጠው ሰው አይቀርብለትም። ከእኛ መካከልም ዜግነቱን በደስታ ተቀብሎ የመራጮች ምዝገባውን ቅጽ ሲሞላ፣ የፓርቲው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ የሚታሰር ሰው ብዙ ነው። ፓርቲ ሲባል ስሙ በመዝገብ የሚሰፍርበት፣ መዋጮ የሚጠየቅበት፣ ስብሰባ የሚጠራበት፣ መንግሥት ሲለወጥም የሚከሰስበት ነገር ሆኖ ይታየዋልና፣ «ከማንኛውም ፓርቲ ውጭ» የሚለውን ምልክት አድርጎ በሰላም ወጣሁ ይላል። ከኖረበት ታሪክ አንጻር ፍርሃቱ አያስወቅሰውም፤ ነገር ግን በዚህ አገር ያ መስመር የሚወስነው በቅድመ ምርጫው ቀን የትኛው ወረቀት እንደሚሰጠው ብቻ ነው፤ መዋጮ የለውም፣ ስብሰባ የለውም፣ በኖቬምበርም የወደደውን ከመምረጥ አይከለክለውም።

ቋንቋም ሌላው መሰናክል ነው። በ1975 የተሻሻለው የአሜሪካ የመምረጥ መብት ሕግ የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲታተም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ ለእስያውያን፣ ለአሜሪካ ሕንዶችና ለአላስካ ተወላጆች ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ምንም ቢበዛ በዚያ አንቀጽ አይሸፈንም። ነገር ግን በ1982 የተጨመረው አንቀጽ ወረቀቱን ለማንበብ የሚቸገር መራጭ የሚያምነውን ሰው፣ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል በቀር፣ ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል፤ ስለዚህ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ብትገቡ የሚከለክላችሁ የለም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዜግነት ያገኛችሁ ሁሉ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በመራጮች መዝገብ ላይ ስማችሁ በምን ፓርቲ እንደ ተጻፈ ተመልከቱ፤ ለመለወጥ የምትፈልጉም ለውጡ ከቅድመ ምርጫው ቀን አስቀድሞ የሚዘጋ ስለ ሆነ አትዘግዩ። ዜግነት ሳይኖራችሁ በታኮማ ፓርክ የምትኖሩ ደግሞ በከተማው ጸሐፊ ዘንድ በተለየው መዝገብ ተመዝገቡና ከንቲባችሁን ምረጡ፤ ነገር ግን የከተማውና የፌዴራሉ ምርጫ አሁን በአንድ ወር ስለሚውሉ፣ የግዛቱን የምዝገባ ቅጽ ማንም ቢያቀርብላችሁ አትፈርሙ፣ የፕሬዚዳንቱንና የኮንግረሱን ወረቀትም አትንኩ፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ በ1996 ሕግ በወንጀል ይከሰሳል፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል። የከተማዋን ወረቀት ብቻ ተቀበሉ፤ እርሱ የእናንተ ነው።